«የወንጂ ተወላጅ» ብዬ ብጽፍ ተሳሳትኩ?

የጠየቀችው፦ የወንጂዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ቃል አስቸግሮኛል። ቃሉ «ተወላጅ» ነው።

አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙ ሳይርቅ፣ ትንሽ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት አለኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ ላሚኔት ማድረጊያ። ሰው ማመልከቻ ያስጽፈኛል፣ ሲቪ ያስጽፈኛል፣ የኪራይ ውል ያስጽፈኛል። ከሁሉ ተጠንቅቄ የምጽፈው ግን ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ነው። ቤተሰቡ ሲያለቅስ አድሮ፣ ጠዋት አንድ ጎረምሳ በደብተር ወረቀት የተጫረ ነገር ይዞ ይመጣል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እሱ ቆሞ ያነብልኛል፣ እኔ እተይባለሁ። አጀማመሩ ሁሌም አንድ ነው፤ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት»። ትንሽ ዝቅ ሲል «የእገሌ አገር ተወላጅ የሆኑት» ይመጣል። አሥራ አራት ዓመት ስጽፈው ኖሬያለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ግን አንድም ቀን ቆም ብዬ አላሰብኩም።

አምና አባቴ ሞተ። የሱንም የጻፍኩት እኔው ነኝ።

አባቴ የሆሳዕና አካባቢ ሰው ነው፤ ሌሞ። በ1956 ዓ.ም. በአሥራ ሰባት ዓመቱ ወንጂ መጣ። ያኔ የደቾቹ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ስኳር ማምረት ከጀመረ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። በየመንደሩ «ወንጂ ሥራ አለ» ይባል ነበር አሉ። መጀመሪያ ሸንኮራ ቆራጭ ሆነ። በኋላ ካቦ ሆነ። ጡረታም የወጣው እዚያው ነው፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። ሥልሳ አንድ ዓመት ወንጂ ኖሯል።

እናቴ የአርሲ ኦሮሞ ናት። ከአዋሽ ማዶ፣ ከዶዶታ። እኛ ስድስት ልጆች ነን። ሁላችንም የተወለድነው ካምፕ ውስጥ ነው፤ እኔ በ1974 ዓ.ም.። ካምፕ ውስጥ በግራ ያለው ጎረቤት ከምባትኛ ያወራል፣ በቀኝ ያለው ወላይትኛ ያወራል። እናቶች ግን ቡና ሲጠጡ በአማርኛና በኦሮምኛ ነበር። ማታ ማታ ነፋሱ ሲዞር የሞላሰሱ ሽታ ቤት ድረስ ይገባል። ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣብኝ አገሬ ገባሁ እላለሁ። ይህን ስል ማንም ያረመኝ የለም። «አገሬ» ማለት ይቻላል። «ተወላጅ» ስል ነው ችግር የመጣው።

የአባቴን የሕይወት ታሪክ ስጽፍ እንዲህ ብዬ ነበር፦ «የስድስት ልጆች አባት ሲሆኑ፣ ልጆቻቸውም የወንጂ ተወላጆች ናቸው።» የቀብሩ ዋዜማ ማታ ለቤተሰቡ አነበብኩት። አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ፣ ከሌሞ መጥተው ነበር። እዚያ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ። «ይህን አጥፊው» አሉኝ። «ልጆቹ የሌሞ ልጆች ናቸው። ወንጂ የሥራ ቦታ ነው። ተወላጅ የሚባለው በደም ነው፣ በአልጋ አይደለም።» በቁጣ አልነበረም የተናገሩት። እያለቀሱ ነው። ወንድማቸው በሰው አገር ሲቀበር እያዩ፣ የወንድማቸው ልጆች ደግሞ ከሳቸው ሲርቁ የታያቸው መሰለኝ። አጠፋሁት።

ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። ምክንያቱም ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ደርሶብኛል። አንድ መሥሪያ ቤት ፎርም ስሞላ «የ… ተወላጅ» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። «ወንጂ» ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊው አየና «በአባትሽ የት ነሽ?» አለኝ። ነገርኩት። «እንግዲያው ተወላጅ አይደለሽም፣ ነዋሪ ነሽ» ብሎ በራሱ እስክሪብቶ ሰረዘው። ስለ እናቴ አልጠየቀኝም። አዋሽን ብቻ ነው ተሻግራ የመጣችው!

ሌሞስ? ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። እንደ ልጃቸው ነው የተቀበሉኝ፤ ቆጮና ቅቤ አጥግበውኛል። ግን ሀድይኛ አልችልም። የአጎቶቼ ልጆች ለጎረቤት ሲያስተዋውቁኝ «የወንጂዋ» ነው ያሉት። እዚህ የተጠቀምኩበትን ስም ያገኘሁት ከነሱ ነው።

አሁን የአባቴ ዓመት ደርሷል። የመቃብሩን ሐውልት እያሠራን ነው። ቀራጩ እብነ በረዱ አምስት መስመር ብቻ እንደሚችል ነግሮኛል፤ ደግሞ አንዴ ከተቀረጸ አይሰረዝም። ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። «ተወላጅ» ማለት በትክክል ምን ማለት ነው? መሬቱን ነው የሚለው ወይስ ዘሩን? አጎቴ ናቸው የተሳሳቱት ወይስ እኔ?

ሾፌሩ

ነፍስ ይማር እህቴ። እኔ ቀላል ነው ባይ ነኝ። የተወለድሽበት ነው። እትብትሽ የተቀበረበት። እኔ አዳማ ነው የተወለድኩት፣ አባቴ የመንዝ ሰው ነው። ተሳፋሪ ሲጠይቀኝ የአዳማ ነኝ እላለሁ፣ አለቀ። «አይ ማለቴ መሠረትህ» ካለ ነው አባቴን የምነግረው። ሁለት ጥያቄ ነው፣ ሁለት መልስ አለው።

ጡረተኛው መምህር

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። ጥያቄሽ ክፍል ውስጥ ቢነሣ ኖሮ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እሰጠው ነበር።

ከቃሉ አሠራር እንጀምር። «ወለደ» ካልን ወላጅ አለ። «ተወለደ» ካልን ተወላጅ አለ። መጨረሻ ላይ ያለችው ደ ወደ ጅ ተለውጣለች። ወደደ፣ ወዳጅ። አረደ፣ አራጅ። ነደደ፣ ነዳጅ። ሌሎቹም ፊደላት እንዲህ ያደርጋሉ፤ ተመለሰ ተመላሽ ይሆናል፣ ተቀመጠ ተቀማጭ ይሆናል።

አሁን ይህን ቅርጽ ልብ ብለሽ እዪው። «ተማሪ» የምንለው ዛሬ አንድ ነገር የተማረን ሰው ሁሉ አይደለም። እኔ ዛሬ ካንቺ ጽሑፍ ስለ ካምፕ ተምሬያለሁ፣ ተማሪ ግን አልሆንኩም። «ተቀማጭነቱ አዳማ» የምንለው አዳማ ወንበር ላይ የተቀመጠውን አይደለም። ቅርጹ የሚናገረው ስለ አንድ ቀን ድርጊት አይደለም። ሰውየው ይዞት ስለሚኖረው ነገር ነው።

መወለድ ግን በአንድ ቀን ይፈጸማል። ለዚያ ቀን ሌላ አነጋገር አለን፤ «የተወለደ» እንላለን። እስቲ አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። አንዲት መንገደኛ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ አዳማ ላይ ምጥ ያዛት እንበል። እዚሁ ወለደች። በሦስተኛው ቀን ሕፃኑን አቅፋ ሄደች። ይህ ልጅ «አዳማ የተወለደ» ነው፣ ማንም አይክደውም። «የአዳማ ተወላጅ» ብሎ ለመጥራት ግን አፋችን ይይዘዋል። አየሽ? ቃሉ ከመወለድ በላይ የሆነ ነገር ይፈልጋል።

ያ የሚፈልገው ነገር ምንድን ነው? ልዩነቱ ያለው እዚህ ነው። አጎትሽ ደም ነው አሉ። አንቺ ደግሞ አብሮ መኖር፣ ማደግ፣ የአባት መቃብር ነው እያልሽ ነው። ቃሉ ራሱ ለሁለታችሁም በር ይከፍታል፤ በሩም አንዲት ፊደል ናት፣ «የ»። «የአቶ እገሌ ልጅ» ስንል «የ» ደም ናት። «የአዳማ ሐብሐብ» ስንል «የ» መሬት ናት። «የጎጃም ተወላጅ» ስንል መሬት ትመስላለች። «የሀድያ ተወላጅ» ስንልስ? ሀድያ አገርም ነው፣ ሕዝብም ነው። እዚያ ላይ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። «የኦሮሞ ተወላጅ፣ የአማራ ተወላጅ» ስንል ደግሞ መሬቱ ጨርሶ ወጥቶ ሕዝቡ ብቻ ይቀራል። ቃሉ አንድ ነው። ከፊቱ የምታስቀምጪው ስም ነው ወዲያና ወዲህ የሚጎትተው።

ስለዚህ ፎርሙ ላይ የሰረዘብሽ ሰው አማርኛ አላወቀም እላለሁ። አጎትሽ ግን አልተሳሳቱም። አንቺም አልተሳሳትሽም።

ሌላ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ቋንቋችን ሰውን ካረፈበት ቦታ ጋር የሚያያይዝባቸው ቃላት ብዙዎቹ ከግሥ የወጡ ናቸው። ከኖረ ነዋሪ። ከሰፈረ ሰፋሪ። ከነበረ ነባር። ከመጣ መጤ። አባትሽን ውሰጂ። መጥቷል፣ ሰፍሯል፣ ኖሯል። ሥልሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ የነበረ ሰው ነባር ካልተባለ ማን ሊባል ነው? ሰው ሁሉንም ግሥ ይሠራል፤ እኛ ግን አንዱን መርጠን ስም እናደርግበታለን።

የወንጂዋ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመንገደኛዋ ምሳሌ ገባኝ። «የተወለደ» እና «ተወላጅ» ይለያያሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሾፌሩ፣ እትብት ስትል አስታወስከኝ። እናቴን ጠየቅኳት። የሁላችንም እንግዴ ልጅ የተቀበረው ካምፕ ውስጥ፣ ከቤታችን ጀርባ፣ ፓፓያው ሥር ነው አለችኝ። አባቴ ነው የቀበረው። የአባቴ ደግሞ ሌሞ፣ እንሰቱ ጓሮ ነው ተብላለች።

የሕግ ሰው

ነፍስ ይማር እህታችን። እኔም አዳማ ነው የምሠራው፣ ጠበቃ ነኝ። መምህር ስለ ቋንቋው ተናግረዋል፣ እኔ ቃሉ ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ።

የኢትዮጵያ ዜግነት ከመሬት አይመጣም። ከወላጅ ነው የሚመጣው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ከወላጆቹ ሁለቱም ወይም አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። እዚህ ተወለደ፣ ውጭ ተወለደ፣ ለውጥ የለውም። የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378ም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። በዚህ አዋጅ መሬት ለዜግነት የምትመሰክርበት አንድ ቦታ አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ሌላ ዜግነት እንዳለው ካልተረጋገጠ በቀር ኢትዮጵያዊ ነው ተብሎ ይገመታል። ወላጅ ሲጠፋ መሬቷ ወላጅ ትሆንለታለች ማለት ነው። ይህን ድንጋጌ ባነበብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል።

«ተወላጅ» የሚለው ቃል በደንብ የሚታየው ግን በሌላ አዋጅ ነው፤ በ270/1994። ሰው «ቢጫ ካርድ» የሚለውን መታወቂያ ያመጣው ይህ አዋጅ ነው። እዚያ የኢትዮጵያ ተወላጅ የሚባለው የውጭ ዜግነት ከመውሰዱ በፊት ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው ነው። በተጨማሪ ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋም ይገባበታል። ልብ በዪ፣ እስከ ቅድመ አያት! ዋሽንግተን የተወለደ፣ አባቱም ዋሽንግተን የተወለደ፣ ኢትዮጵያን በካርታ ብቻ የሚያውቅ ወጣት በዚህ ሕግ «ተወላጅ» ነው። ስለዚህ አጎትሽ «በደም ነው» ያሉት ከባዶ አልመጣም። ሕጉም በዚህ ትርጉም ይጠቀምበታል።

ሁለት ነገር ግን ልጨምር።

አንደኛ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ «የትውልድ ቦታ» የሚል መስመር አለ። እሱ መሬት ነው። ያንቺ ላይ «ወንጂ» ነው የሚለው፣ ማንም በእስክሪብቶ አይሰርዘውም። «ትውልድ» እና «ተወላጅ» ከአንድ ሥር ወጥተው አንዱ መሬቱን ሲይዝ አንዱ ደሙን ይዟል። የድሮው የቀበሌ መታወቂያ ደግሞ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረው። አሁን ፋይዳ ላይ የለም።

ሁለተኛው የበለጠ ያበሳጨኛል። ደም ካልን ሙሉውን ደም እንበል። ጸሐፊው «በአባትሽ» ብሎ ጠየቀሽ። ሕገ መንግሥቱ እኮ እናትን ከአባት አላስበለጠም፣ አላሳነሰም፤ «አንዳቸው» ነው ያለው። አንቺ በእናትሽ ዶዶታ ነሽ። ከአዋሽ ዳር ያለሽ ዘር ከሸንኮራው ይቀድማል። ሕዝባችን ተወላጅነትን ሲቆጥር በአባት ብቻ የመቁጠር ልማድ አለው። ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

አዳሚ

ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ የዚህ አካባቢ ኦሮሞ ነኝ። ለዚህ ቃል ሌላ ጎን ስላለው እሱን ልናገር፤ ቅር እንዳይልሽ።

ስሜ አዳሚ ነው፣ እዚህ ማለቴ ነው። አዳሚ ቁልቋል ነው፤ የከተማው ስምም ከሱ ነው የመጣው ይባላል። በኃይለ ሥላሴ ዘመን ከተማው ናዝሬት ተባለ። አዳማ የሚለው በይፋ የተመለሰው በ1992 ዓ.ም. ነው። አያቴ በዚያ ሁሉ ጊዜ ናዝሬት የሚለውን ከአፏ አውጥታው አታውቅም። ገበያ ስትሄድ «አዳማ ልሂድ» ነበር የምትለው። ሰዎች ሊያርሟት ሲሞክሩ ዝም ትላለች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም አዳማ ትላለች።

ወንጂ ሜዳም ሸንኮራ ከመተከሉ በፊት ባዶ አልነበረም። የጅሌ ኦሮሞዎች ከብት የሚያሰማሩበት ነበር። ፋብሪካው ሲመጣ ግጦሹ ሄደ። ይህን የምለው አባትሽን ለመውቀስ አይደለም። አባትሽ የመጣው ላቡን ሊሸጥ ነው፣ መሬቱን የወሰደው እሱ አይደለም። ግን አንድ ሰው «እኔ የአካባቢው ተወላጅ ነኝ» ሲል ሁልጊዜ ሌላውን ለማስወጣት ነው ብለሽ እንዳታስቢ። አንዳንዴ «እኛም ነበርን፣ አትርሱን» ማለት ነው። ቃሉን ከኛ ላይ ቀምታችሁ ለሁሉም ካካፈላችሁት ይህን የምንልበት ቃል እናጣለን።

በኦሮምኛም ተወላጅ «ዸላታ» ነው፤ «ዸላቴ» ማለት ተወለደ ነው። ትውልድን ደግሞ «ዸሎታ» እንላለን። እንደ አማርኛው ከአንድ ሥር ነው፣ ግራ መጋባቱም እንደ አማርኛው ነው። እኛ ግን አንድ ነገር ነበረን። «ሞጋሳ» ይባላል። ከሌላ ቦታ የመጣን ሰው ወይም ቡድን ጎሣው ያሳድገዋል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው የጎሣው ነው፣ ዘሩም በዚያው ይቆጠራል። ለአንድ ልጅ ሲሆን «ጉዲፈቻ» ነው፤ እሱንማ አማርኛም ወስዶታል፣ የቤተሰብ ሕጉም ላይ አለ። ስለዚህ በኛ ባህል ደምም ቢሆን ተዘግቶ የሚቀር በር አልነበረም። የሚከፍተው ሰው ይፈልጋል እንጂ።

አዳማ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ተወላጅ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኳስ ሜዳ ላይ «ኢጆሌ አዳማ» ነው። የአዳማ ልጆች። አብረውኝ ካደጉት ውስጥ ጉራጌ ነበረ፣ ሐረሬ ነበረ፣ አባቱ የባቡር ሠራተኛ የነበረ አንድ የድሬዳዋ ልጅ ነበረ። ሁሉም ኢጆሌ አዳማ ነበሩ። አንቺም የወንጂ ልጅ ነሽ። ይህን ማንም አይነሣሽም። እኔም አልነሣሽም።

ጡረተኛው መምህር

አዳሚ፣ ተባረክ። እኔ ያልታየኝን አሳየኸኝ። «ልጅ» አልከን።

የወንጂዋ፣ ይህን ስሚ። «ልጅ» የሚለው ቃል ራሱ ከወለደ ቤት ነው። «ልደት» ስንል የወለደ ወ ወድቃለች፤ ል እና ደ ቀርተዋል። «ልጅ» ላይም ወ ወድቃለች፤ ደ ደግሞ እንደ ወላጅና እንደ ተወላጅ ጅ ሆናለች። በግዕዝ ወልድ እና ወለት ወንድ ልጅና ሴት ልጅ ናቸው፤ ወልደ ሚካኤል፣ ወለተ ማርያም የምንለው። ስለዚህ «የወንጂ ተወላጅ» እና «የወንጂ ልጅ» ሥራቸው አንድ ነው። አንደኛው የወረቀት ቃል ሆነ። ሁለተኛው በሰው አፍ ላይ ቀረ። አፍ ላይ የቀረው ዘር ማንዘር አይጠይቅም። እዚያ ከሰው ጋር ያደገ ሁሉ ይገባበታል።

ሾፌሩ

እኔም እኮ የአዳማ ልጅ ነኝ ነው የምለው! ተወላጅ ነኝ ብዬ ለተሳፋሪ ተናግሬ አላውቅም።

የወንጂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ቀን ዝም ያልኩት አጎቴን እስካናግር ነው።

አዳሚ፣ ስለ ጅሌዎቹ የጻፍከውን ለእናቴ አነበብኩላት። ታውቀዋለች። አባቷ ከዶዶታ ከብት ይዘው ወንዙን ይሻገሩ እንደነበር፣ በኋላ በሸንኮራው ቦይ ምክንያት እንደቀረ ነገረችኝ። አርባ ሦስት ዓመት አብሬያት ስኖር ነግራኝ አታውቅም። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት «አባትሽ ሸንኮራ ቆራጭ ነበር እኮ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። እኔም አልጠየቅኳትም።

የሕግ ሰው፣ የልደት ወረቀቴን አውጥቼ አየሁት። «የትውልድ ቦታ ወንጂ» ይላል። ፎቶ ኮፒ አድርጌ ቤቴ ግድግዳ ላይ፣ ከዋጋ ዝርዝሩ አጠገብ ለጥፌዋለሁ።

ትናንት ማታ ለአጎቴ ደወልኩ። መምህር የጻፉትን በሙሉ ለማንበብ ድፍረቱ አልነበረኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው። «አባቴ የየት ተወላጅ ነው ተብሎ ይጻፍ?» አልኳቸው። «የሌሞ ነዋ» አሉ፣ እንደ መቆጣት ብለው። «እሺ፣ እሱ ይጻፋል። አንደኛ እሱ ይጻፋል» አልኳቸው። ዝም አሉ። ድምፃቸው ተለወጠ። ወንድማቸው ወንጂ ተቀብሮ የሌሞ ስም ድንጋዩ ላይ የማይኖር መስሏቸው ነበር። ዓመት ሙሉ የተጨነቁት በዚያ ነበር ማለት ነው፣ እኔ ግን የተጣሉት ከኔ ጋር መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ሁለተኛውን መስመር አነበብኩላቸው። «የወንጂ ልጆች አባት» የሚል ነው። ትንሽ አሰቡና «የወንጂ ልጆች እናንተ ናችሁ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ልጅ ካለ ደኅና ነው። ይጻፍ» አሉ። ለምርቃቱ እንሰት ችግኝ ይዘው ሊመጡ ነው። የወንጂን ሙቀት አይችለውም ብላቸው አልሰሙኝም፤ እናቴ ጓሮ ይተክሉታል።

ዛሬ ከሰዓት ጽሑፉን ለቀራጩ ሰጠሁት። ከላይ ስሙ ነው። ቀጥሎ «የሌሞ ተወላጅ»። ቀጥሎ «የወንጂ ልጆች አባት»። ከዚያ «1939–2017 ዓ.ም.»። ቀራጩ በጣቱ ቆጠረና አንድ መስመር እንደሚተርፍ ነገረኝ። የምጨምረው ነገር እንዳለ እናቴን ጠየቅኳት። «ለኔ ተዪው» አለችኝ።